በአንድ ሚዛን የማይመዘኑ ባሕርያት፦ ለመርከብና ለባሕር ላይ መዋቅሮች የሚውል አረብ ብረት ስለምናወዳድርበት ዘዴ

የማስተርስ ጥናቴን ንድፍ ለትምህርት ክፍሉ ባቀረብሁበት ዕለት ከገምጋሚዎቹ አንዱ ያነሡት ጥያቄ አጭር ነበር። ለመርከብ አካልና ለባሕር ላይ መዋቅሮች የሚውሉ ዘጠኝ የአረብ ብረት ላሜራ ደረጃዎችን በአንድ ሰንጠረዥ አሰልፌ፣ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ክብደት ሰጥቼ፣ ድምሩን አስልቼ ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ደርድሬ ነበር። በዚያ ሰንጠረዥ ኤኤች36 እና ኤፍኤች36 የተባሉት ደረጃዎች ከዋጋ በስተቀር በሁሉም ዐምድ እኩል ነጥብ አግኝተዋል፤ ስለዚህ ርካሹ ኤኤች36 ቀድሞ ተቀምጧል። ገምጋሚው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እንዲህ ከሆነ ኤፍኤች36ን ማን ይገዛዋል? ፋብሪካዎቹስ ለምን ያመርቱታል?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

መልሱ እኔ ባልጻፍሁት ዐምድ ውስጥ ነበር። ዓለም አቀፉ የመርከብ ምደባ ማኅበራት ኅብረት ባወጣው መስፈርት መሠረት በ36 ቁጥር የሚጠሩት አራቱ ደረጃዎች፣ ማለትም ኤኤች፣ ዲኤች፣ ኢኤች እና ኤፍኤች፣ አንድ ዓይነት የይልድ ጥንካሬ አላቸው፤ 355 ሜጋፓስካል። የመጨረሻ ጥንካሬያቸውም አንድ ነው፤ ከ490 እስከ 630 ሜጋፓስካል። ውፍረታቸው እስከ 50 ሚሊሜትር ሲሆን በቻርፒ ሙከራ የሚጠየቁት ጉልበት እንኳ አይለያይም፤ ላሜራው በተዳመጠበት አቅጣጫ ከተቆረጠ ናሙና 34 ጁል። የሚለያቸው ሙከራው የሚካሄድበት የሙቀት መጠን ነው። ኤኤች በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞከራል፤ ዲኤች ከዜሮ በታች በ20፣ ኢኤች ከዜሮ በታች በ40፣ ኤፍኤች ከዜሮ በታች በ60። እኔ ግን «የቻርፒ ጉልበት» ከሚለው ርእስ ሥር 34 የሚለውን ቁጥር አራት ጊዜ ጽፌ አልፌአለሁ። የ60 ዲግሪ ልዩነት በአንድ የዐምድ ርእስ ጉድለት ከጥናቱ ጠፋ።

ስሕተቱ የእኔ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያነበብኋቸው በርካታ የማስተርስ ጽሑፎችና አጫጭር የምርምር መጣጥፎች ተመሳሳይ መንገድ ይከተላሉ፦ የብረት ደረጃዎችን ይሰበስባሉ፣ ባሕርያቸውን በቁጥር ያሰፍራሉ፣ ቶፕሲስን ወይም ሌላ የባለብዙ መስፈርት ውሳኔ ዘዴን ይጠቀማሉ፣ በመጨረሻም አንድ አሸናፊ ያውጃሉ። ክርክሬ የስሌት ዘዴው ተሳስቷል የሚል አይደለም። ዘዴው ባሕርያት እርስ በርስ የሚመነዘሩ መሆናቸውን ያስቀድማል፤ በአንዱ የጎደለው በሌላው ይካካሳል ይላል። ለመርከብና ለባሕር ላይ መዋቅር በሚውል ወፍራም፣ የተበየደ ላሜራ ላይ ይህ ግምት ሐሰት ነው።

ባሕር የሌላት አገር ተማሪ ስለ መርከብ ብረት ለምን ይጨነቃል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ መርከቦች መኖራቸው አንድ መልስ ነው። ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በወፍራም ላሜራ፣ በብየዳና በስብራት ረገድ ከማንኛውም የምሕንድስና ዘርፍ ይልቅ ውድ ዋጋ ከፍሎ የተማረው የባሕሩ ዘርፍ ነው፤ የድልድይ ተሸካሚም ሆነ የነዳጅ ታንክ የሚሠራ ሰው ትምህርቱን የሚወስደው ከዚያ ነው።

ድምር የሚደብቀው

የራሴን ሰንጠረዥ ምሳሌ ላድርግ። ለይልድ ጥንካሬ 0.40፣ ስብራትን ለመቋቋም ዐቅም 0.15፣ ለቀሪው 0.45 ለዋጋ፣ ለብየዳ አመቺነትና ለዝገት ክብደት ሰጥቼ ነበር። በአንደኛነት የወጣው 690 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ያለው፣ ግሎ በውኃ የቀዘቀዘና ዳግም የተሞቀ ብረት ነው። በጥንካሬ ዐምድ ከፍተኛው እሱ ስለሆነ ሙሉ 1 ያገኛል፤ 355 ያለው ደግሞ 0.51። ልዩነቱ በ0.40 ሲባዛ 0.19 ይሆናል። እንግዲህ ስብራትን ለመቋቋም የተመደበው ጠቅላላ ነጥብ 0.15 ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ዐምዶች እኩል ቢሆኑ፣ 690ው በቻርፒ ሙከራ ዜሮ ቢያገኝ እንኳ ያሸንፋል። እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ብረት በእኔ ሰንጠረዥ አንደኛ መውጣት ይችል ነበር ማለት ነው። በዚህ ላይ ዋጋውን ያሰላሁት «ለአንድ ሜጋፓስካል ጥንካሬ» በሚል ስለነበረ ጥንካሬው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ይህን ያስተዋልሁት ንድፉ ከተመለሰልኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

ስብራትን የመቋቋም ዐቅም በድምር የሚገባ ነጥብ ሳይሆን መሻገሪያ ደፍ ነው። ተራው የመርከብ አረብ ብረት ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ባሕርዩን ይለውጣል፤ ከተወሰነ የሙቀት ክልል በላይ ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ጉልበት ይውጣል፤ ከዚያ በታች ግን የብረቱ ቅንጣቶች ሳይለጠጡ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁም በታላቅ ፍጥነት ይሮጣል። ከደፉ በታች የሆነ ብረት የይልድ ጥንካሬው ምንም ያህል ቢሆን ወደዚያ ጥንካሬ ሳይደርስ ሊሰበር ይችላል።

ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 ስኬኔክታዲ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ወደብ ላይ ጸጥ ባለ ውኃ ታስራ ሳለች ከመሐሏ ለሁለት ተሰበረች። ማዕበል አልነበረም፤ የባሕር ላይ ሙከራዋንም በቅርቡ ያጠናቀቀች አዲስ መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተሠሩት የሊበርቲ መርከቦች መካከልም በብዙዎቹ ላይ ተመሳሳይ ስንጥቅ ታይቷል። መጀመሪያ ጥርጣሬው ሁሉ ያረፈው በብየዳው ላይ ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኮንስታንስ ቲፐር ግን ዋናው ጥፋት ብረቱ ራሱ በቅዝቃዜ የመሰበር ጠባይ ያለው መሆኑን አሳዩ። ብየዳው የጨመረው ነገር ቢኖር ስንጥቁ ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ እንዲያልፍ መንገድ መክፈቱ ነው፤ በብሎን ጠፍር በተያያዙት የቀድሞ መርከቦች ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ በላሜራው ጠርዝ ላይ ይቆም ነበር። ዛሬ በደረጃዎቹ ስም ላይ የምናያቸው ኤ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ የተባሉት ፊደላት የዚያ ትምህርት ቅርስ ናቸው። ቁጥሩን ይዞ ፊደሉን መተው፣ እንደ እኔ፣ ያን ታሪክ እንዳልተፈጸመ መቁጠር ነው።

ቁጥሩም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። 32፣ 36 እና 40 የሚሉት ጥንካሬውን በኪሎግራም ኃይል ለአንድ ካሬ ሚሊሜትር የሚገልጹ ናቸው፤ በዛሬው መለኪያ 315፣ 355 እና 390 ሜጋፓስካል። ከአውሮፓው ኤስ355 ጋር ሲነጻጸሩ ግራ የሚያጋቡትም ለዚህ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

መስፈርቱ ራሱ እንዴት ያወዳድራል?

የምደባ ማኅበራቱ ደንብ ብረት የሚመርጥበት ቅደም ተከተል ከእኛ ሰንጠረዥ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ላሜራው የመርከቡ የትኛው ክፍል ላይ ይቀመጣል?» ብሎ ነው። የአካል ክፍሎች እንደ አደጋቸው በምድብ ይከፈላሉ። ቀጥሎ ውፍረቱን ይጠይቃል። በሦስተኛው ምድብ ለሚገኝ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ላሜራ፣ ውፍረቱ ከ20 ሚሊሜትር ሲያልፍ ዲኤች፣ ከ30 ሲያልፍ ኢኤች ያስፈልጋል። ወፍራም ላሜራ ጥብቅ ፊደል የሚጠየቅበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በውፍረቱ መካከል ያለው ብረት ወደ ጎን እንዳይሳብ በዙሪያው ባለው ብረት ስለሚታገድ መለጠጥ ይሳነዋል፣ ለስብራትም ይመቻል። ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኋላ የሚቀሩት ደረጃዎች ጥቂት ናቸው። ዋጋ፣ አቅርቦትና የብየዳ ምቾት የሚወዳደሩት በእነዚህ ጥቂቶች መካከል ብቻ ነው።

አንድ የማይገባ ደረጃ በሌላ መልካምነቱ ተመልሶ የሚገባበት በር በዚህ መንገድ ላይ የለም። በእኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ግን በሩ ክፍት ነው።

ደንቡ ጥንካሬን ራሱን እንዴት እንደሚያይም መመልከት ይጠቅማል። ጠንካራ ብረት የተጠቀመ ነዳፊ የመዋቅሩን መጠን እንዲቀንስ ይፈቀድለታል፤ ቅናሹ ግን ኬ በሚል ፊደል በሚወከል ማባዣ ይወሰናል። የተለመደው 235 ሜጋፓስካል ብረት ኬው 1 ነው። ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ ቢታሰብ ኖሮ ለ315 ማባዣው 0.75፣ ለ355 ደግሞ 0.66፣ ለ390 0.60፣ ለ460 0.51 በሆነ ነበር፤ የሁለቱን ጥንካሬ ማካፈል ብቻ ነው። ደንቡ የሚሰጠው ግን 0.78፣ 0.72፣ 0.68 እና 0.62 ነው። ልዩነቱ ከ0.03 ተነሥቶ ወደ 0.06፣ ወደ 0.08፣ ወደ 0.11 ያድጋል። ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ደንቡ ጥንካሬውን የሚያምንበት መጠን ይቀንሳል ማለት ነው። ይህን አንድ መስመር ቁጥር ብዙ ገጽ ካለው የንጽጽር ሰንጠረዥ ይልቅ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ድካም ጥንካሬን አያውቅም

ደንቡ የሚጠራጠርበት ዋና ምክንያት የብረት ድካም ነው። ያልተበየደ፣ የተወለወለ ናሙና ብንወስድ ጠንካራ ብረት ተደጋጋሚ ጭነትን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። በተበየደ መጋጠሚያ ላይ ግን ይህ ብልጫ ይጠፋል። በብየዳው ጠርዝ ላይ ከመጀመሪያውም ጥቃቅን ጉድለቶች አሉ፤ ስለዚህ የስንጥቁ መወለጃ ዘመን የለም ሊባል ይችላል። የቀረው ዕድሜ የስንጥቁ ማደጊያ ዘመን ሲሆን፣ የዕድገቱ ፍጥነት ደግሞ በይልድ ጥንካሬ ብዙም አይወሰንም። በዚህም ምክንያት የታወቁት የድካም መመሪያዎች ለተበየዱ መጋጠሚያዎች የሚሰጡት የንድፍ መስመር ለ235ም ለ355ም ለ690ም አንድ ነው።

ውጤቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የ355 ብረት ኬ 0.72 ስለሆነ የሚፈቀደው ውጥረት በ1.39 እጥፍ ያድጋል። ነዳፊው ፈቃዱን በሙሉ ቢጠቀምና መጋጠሚያውን ሳይለውጥ ቢቀር፣ ተደጋጋሚው ውጥረትም በዚያው መጠን ያድጋል። ለተበየዱ መጋጠሚያዎች ዕድሜ ከውጥረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ 1.39 ለሦስተኛ ኃይል ሲነሣ 2.7 ያህል ይሆናል። በተለመደው ብረት 25 ዓመት የሚቆይ መጋጠሚያ በጠንካራው ብረት ወደ 9 ዓመት ግድም ይወርዳል። ጠንካራውን ብረት ገዝተን ዕድሜውን ከግማሽ በታች አደረግነው። የድካም ዕድሜን ከጥንካሬ ዐምድ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብረት በብዛት ተጠቅመው የተሠሩ ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ገና በጥቂት ዓመታት አገልግሎት ውስጥ በጎን ማጠናከሪያዎቻቸው መጋጠሚያ ላይ የድካም ስንጥቅ አሳይተዋል። ብረቱ ደካማ ሆኖ አልነበረም። መጋጠሚያው እንደ ቀድሞው ተነድፎ ውጥረቱ ብቻ ስለጨመረ ነው።

የአሌክሳንደር ኪላንድ አደጋ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ይህች ባለ አምስት እግር ተንሳፋፊ መዋቅር እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1980 በሰሜን ባሕር በኢኮፊስክ የነዳጅ መስክ ተገልብጣ በላይዋ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። ጥፋቱ የጀመረው ከታችኛው አግዳሚ ምሰሶዎች በአንዱ ላይ ለድምፅ መቀበያ መሣሪያ ማቀፊያ ተብሎ በተበየደ ትንሽ ክፍል ነው፤ የማዕዘን ብየዳው ውፍረት 6 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ማቀፊያው ጭነት ተሸካሚ አካል ነው ተብሎ አልታሰበም። ከዚያ ብየዳ የተነሣው የድካም ስንጥቅ ምሰሶውን ዞሮ ቆረጠው፤ ሌሎቹም ምሰሶዎች ተከታትለው ተሰበሩ፤ አንዱ እግር ተገንጥሎ ሄደ። የማቀፊያው ላሜራ በውፍረቱ አቅጣጫ ሲሳብ እንደ ተደራረበ ወረቀት የመላቀቅ ጠባይ እንደነበረውም ታውቋል። ዛሬ ለዚህ ባሕርይ ዜድ25 እና ዜድ35 የሚባሉ የተለዩ ደረጃዎች አሉ፤ ናሙናው በውፍረቱ አቅጣጫ ተስቦ ሲበጠስ የመቁረጫ ስፋቱ ቢያንስ በ25 ወይም በ35 በመቶ መቅጠን አለበት። በማወዳደሪያ ሰንጠረዦቻችን ውስጥ የዜድን ዐምድ እስካሁን አላየሁም። በእኔም አልነበረም።

አቻ ያልሆኑ አቻዎች

ሌላው የተለመደ ልማድ የአቻ ደረጃዎች ሠንጠረዥ ነው። «ኤኤች36 ከኤስ355 ጋር እኩል ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያላነበበ የብረት ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በ10 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ጥንካሬን ብቻ ለሚያይ ሰው እውነት ነው። ለአጠቃላይ ግንባታ በሚውለው የአውሮፓ መስፈርት ግን 355 የሚለው ቁጥር የሚሠራው እስከ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ድረስ ነው። እስከ 40 ድረስ 345፣ እስከ 63 ድረስ 335፣ እስከ 80 ድረስ 325፣ እስከ 100 ሚሊሜትር ድረስ 315 ሜጋፓስካል ይሆናል። የመርከቡ ኤኤች36 እስከ 100 ሚሊሜትር 355 እንዲሆን ይጠየቃል። እንግዲህ በ90 ሚሊሜትር ላይ «አቻ» የተባለው ብረት በመርከብ ደረጃ ቢመዘን ከ36 ወርዶ 32 ላይ ያርፋል።

በፊደሉም በኩል ኤስ355ጄ2 ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ 27 ጁል ሲጠየቅ፣ በተመሳሳይ ሙቀት የሚሞከረው ዲኤች36 34 ጁል ይጠየቃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያው ኤስ355 ጄአር የሚል ቅጥያ ሲኖረው የሚሞከረው ከዜሮ በላይ በ20 ዲግሪ ነው፤ «ኤስ355» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ ከሁለቱ የትኛውን እንዳሰበ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ለባሕር ላይ ቋሚ መዋቅሮች የተዘጋጀው ኢኤን 10225 የተባለው መስፈርት ደግሞ በስሙ ኤስ355 የሚል ቁጥር ቢይዝም ሌላ ዓለም ነው። በላሜራው ላይ ብቻ ሳይቆም፣ ብረቱ ከተበየደ በኋላ በብየዳው ሙቀት የተለወጠው ቀጠና ምን ያህል ስብራትን እንደሚቋቋም የሚያሳይ ማስረጃ እስከ መጠየቅ ይደርሳል። በእኔ እይታ ከፋብሪካ የሚመጣ የላሜራ ምስክር ወረቀት ትልቁ ውስንነት ይህ ነው፤ ወረቀቱ ስለ ላሜራው ይመሰክራል፣ መዋቅሩ ግን የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ከብየዳው አጠገብ ነው።

የአመራረቱ ዘዴም በንጽጽር ውስጥ ቦታ ይገባዋል። በሙቀትና በመዳመጥ ቁጥጥር የተመረተ 36 ላሜራ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከቅይጥ ብዛት ሳይሆን ከቅንጣቶቹ ደቃቅነት ስለሆነ የካርቦን አቻው ዝቅተኛ ነው፤ ደንቡ እስከ 50 ሚሊሜትር ውፍረት 0.38 በመቶ ላይ ይገድበዋል። እንዲህ ያለ ላሜራ ከመበየዱ በፊት ብዙ ማሞቅ አይፈልግም። ወፍራም የ690 ላሜራ የካርቦን አቻ ግን ከ0.5 ሊያልፍ ይችላል፤ ቅድመ ማሞቅ፣ የደረቀ ኤሌክትሮድ፣ ጥብቅ የሙቀት ቁጥጥር ይጠይቃል። በአንድ ቁጥር ነጥብ ሲሰጠው የሚጠፋው የብየዳ ሠራተኛው የሌሊት ሥራ ነው።

ጠንካራው ብረት የሚገባበት ቦታ

እስካሁን ያልሁት ከፍተኛ ጥንካሬ አያስፈልግም የሚል እንዳይመስል እሠጋለሁ። እግሮቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅስ የቁፋሮ መድረክ ከቦታ ቦታ ሲጎተት የራሱን እግሮች ተሸክሞ ይንሳፈፋል፤ እዚያ 690 ሜጋፓስካል ብረት ቅንጦት አይደለም። ኮንቴይነር ጫኝ መርከብም የላይኛው ወለሉ ክፍት ስለሆነ የጭነት ማስገቢያውን ከብበው የሚቆሙት ላሜራዎች እጅግ ወፍራም መሆን ይኖርባቸዋል። 460 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ያለው፣ 47 የሚል ቁጥር የተሰጠው ብረት የመጣው ውፍረቱን ለመቀነስ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ደረጃ ብቻውን አልመጣም። የተነሣን ስንጥቅ አስቁሞ የመያዝ ዐቅምን የሚለካ ተጨማሪ መስፈርት አብሮት መጥቷል። ጥንካሬው ሲጨምር ስብራትን የመከላከል ጥያቄም አብሮ ጨመረ እንጂ አልተመነዘረም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2013 ከየመን ወዲያ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ለሁለት የተሰበረችውን ኤምኦኤል ኮምፈርት የተባለች ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ብዙዎች ያስታውሳሉ። ወደ ጅዳ ስትጓዝ የነበረች ሲሆን፣ የሀገራችንም ገቢ ዕቃ በሚመላለስበት የባሕር መስመር አቅራቢያ ነው። 26ቱም መርከበኞች ተርፈዋል። በወቅቱ የብዙ ሰው ዐይን ያረፈው በላይኛው ክፍል ላይ በነበረው አዲስ ጠንካራ ብረት ላይ ነበር። ምርመራው ግን መነሻው በታችኛው የአካል ላሜራ መጉበጥ መሆኑን አመለከተ። የቀጭን ላሜራ መጉበጥ በዋናነት በይልድ ጥንካሬ አይወሰንም፤ በውፍረቱና ለሁሉም አረብ ብረት ተመሳሳይ በሆነው የመለጠጥ ሞጁል ይወሰናል። ጠንካራ ብረት መርጠን ውፍረቱን በ20 በመቶ ብንቀንስ፣ ላሜራው የሚጎብጥበት ውጥረት በ36 በመቶ ይወርዳል። በዝገትም በኩል እንዲሁ ነው፤ 2 ሚሊሜትር ዝገት ከ20 ሚሊሜትር ላሜራ 10 በመቶ፣ ከ15 ሚሊሜትር ላሜራ ደግሞ ከ13 በመቶ በላይ ይወስዳል።

በ690ው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በሰንጠረዤ «ዝገት» በሚለው ዐምድ ከሌሎቹ ጋር እኩል ነጥብ የሰጠሁት በእኩል ጥበቃ ይጠበቃሉ በሚል ነበር። በባሕር ውኃ ውስጥ ያለ መዋቅር ከዝገት የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ ራሳቸውን መሥዋዕት በሚያደርጉ የአሉሚኒየም ቁራጮች ነው። እነዚህ ቁራጮች የብረቱን የኤሌክትሪክ አቅም፣ በብርና በብር ክሎራይድ ማመሳከሪያ ሲለካ፣ ወደ 1.05 ቮልት አሉታዊ ያወርዱታል። በዚህ ደረጃ በብረቱ ገጽ ላይ ሃይድሮጅን ይፈጠራል። ለ355 ብረት ይህ ከባድ ችግር አይደለም። ለ690 ግን ሃይድሮጅኑ ወደ ውስጥ ሰርጎ በብየዳው አካባቢ ስንጥቅ ሊያስነሣ ይችላል፤ በመሆኑም ጥበቃው ራሱ ገደብ ይበጅለታል። ዝገትን የሚከላከለው ነገር ስንጥቅን የሚጋብዝበት ብረት «ዝገት፦ 0.8» በሚል ቁጥር አይገለጽም።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ አንዱን ከተማሪዎች፣ አንዱን ከመምህራንና ከገምጋሚዎች።

እኛ ተማሪዎች የብረት ደረጃዎችን ከመደርደራችን በፊት አንድ መጋጠሚያ እንምረጥ። የት እንዳለ፣ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ፣ የሚያገኘው ዝቅተኛ ሙቀት ስንት እንደሆነ፣ ጭነቱ ተደጋጋሚ ስለመሆኑ፣ በምን ዓይነት ብየዳ እንደሚሠራ እንጻፍ። ደፉን ያላለፈ ደረጃ ከሰንጠረዡ ይውጣ፤ ነጥብ አይሰጠው። የቻርፒ ቁጥር ያለ ሙቀቱና ያለ ናሙናው አቅጣጫ፣ የጥንካሬ ቁጥር ያለ ውፍረቱ ፈጽሞ አይጻፍ። ክብደት የመስጠቱ ስሌት ከዚህ በኋላ ከተፈለገ ይምጣ፤ እኔ የምቃወመው ቦታውን እንጂ መኖሩን አይደለም።

አንዳንድ የጥናት ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም። የማጣሪያው መንገድ ደንብን መድገም እንጂ ምርምር አይደለም፣ አዲስ ነገርም አያመጣም ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ ደንብ ራሱ በየጊዜው ይሻሻላል፣ የሚያሻሽለውም ምርምር ነው። ሆኖም ደንቡን የሚያሻሽለው ምርምር ደንቡ ለምን እንደተጻፈ ከመረዳት ይጀምራል። በክብደት ድምር የወጣ አሸናፊ ስለ ብረቱ የሚነግረን ከራሳችን ምርጫ አይበልጥም፤ ክብደቱን ስንለውጥ አሸናፊው ይለወጣልና።

መምህራኖቻችንን የምጠይቀው «አሸናፊው የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንዲተዉልን ነው። ጥናት «ለዚህ መጋጠሚያ ሦስቱ ይሆናሉ፣ ስድስቱ አይሆኑም፣ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መረጃ አይለይም» ብሎ ሊደመደም ይችላል። ይህ የጥናት ጉድለት ተደርጎ ነጥብ የሚቀነስበት ከሆነ ተማሪው ቁጥር ፈልጎ አሸናፊ መፍጠሩ አይቀርም። እኔ የፈጠርሁት ነቀፌታን ፈርቼ ነበር።

የእኔ ጥናት አሁን ጠብቧል። ዘጠኙን ደረጃዎች ትቼ ውፍረቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ፣ በሦስተኛው ምድብ የሚገኝ፣ በማዕዘን ብየዳ የሚያያዝ የመርከብ ወለል ላሜራ ይዣለሁ። ኤኤች36 እና ዲኤች36 በመጀመሪያው ማጣሪያ ወጥተዋል። 690ው የወጣው በድካም ስሌት ነው፤ የመጋጠሚያው ዕድሜ ስለወሰነው ተጨማሪ ጥንካሬውን መጠቀም አልተቻለም። የቀሩት ኢኤች36 እና ኢኤች40 ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ጥያቄ በብየዳው ሙቀት የተለወጠው ቀጠና ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ስንት ጁል ይይዛል የሚል ሲሆን፣ ከምስክር ወረቀት የሚነበብ ስላልሆነ ናሙናዎቹን በይጄ መስበር ይኖርብኛል።